ስም አውጪውና ባለስሙ

(በምረቃችን 25ኛ ዓመት የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በቅድሚያ የዝግጅት ኮሚቴውን ላመሰግን። ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኛል። መምህር ሃያ ደቂቃ ሲሰጠው ስም ጠርቶ ሳይጨርስ ጊዜው እንደሚያልቅ ረስተውት መሰለኝ። የላኩልኝ ርእስ «ማንነታችን ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ» የሚል ነው። እኔ የፍልስፍና ሰው አይደለሁም፤ ታሪክ አጥንቼ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር መምህርት ነኝ። «ማንነት» የሚለው ቃል ደግሞ በአገራችን ብዙ ሸክም የተጫነበት ቃል ነው። ስለዚህ ጠበብ አድርጌ፣ በየቀኑ ጠዋት ጠዋት ስለምሠራበት አንድ ነገር ብቻ ልናገር፤ ስለ ስም።

ጥያቄዬም አጭር ነው። ስም የእኔ ነው እንላለን። ግን ያወጣው ሌላ ሰው ነው፣ ከእኔ ይልቅ የሚጠቀምበትም ሌላ ሰው ነው። ታዲያ የእኔ ድርሻ የቱ ጋ ነው?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። አባባሉን እወደዋለሁ። ነገር ግን ክፍል ውስጥ ስም ስጠራ የታዘብኩት፣ መልአኩ ብዙ ረዳቶች እንዳሉት ነው። አንዱ ረዳት ዘመን ነው። «አብዮት» የሚባል ሰው ስታገኙ ብዙውን ጊዜ ዕድሜውን መጠየቅ አያስፈልጋችሁም፤ ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት ነው። ሌላው ረዳት የቤቱ ፍላጎት ነው። ጥላሁን፣ በላቸው፣ መክት፣ አሸብር፣ ደምሰው፤ እነዚህ እኮ ስሞች ብቻ አይደሉም፣ ትእዛዞች ናቸው! ሕፃኑ ገና ከመታቀፊያው ሳይወርድ የሥራ ዝርዝሩ ተነቦለታል። እኔ የማውቀው በላቸው ታዲያ ዕድሜ ልኩን ዝንብ ሳይመታ ጡረታ ወጣ።

በሌሎቹ ቋንቋዎቻችንም ነገሩ ያው ነው። በኦሮምኛ ፈይሳ ሲባል ፈውስ አለበት፤ በትግርኛ ግደይ ሲባል ድርሻዬ ማለት ነው። ለብዙዎቻችን ስም ማለት ወላጆቻችን ለጎረቤት፣ ለጠላት ወይም ለፈጣሪ የላኩት መልእክት ነው። እኛ ፖስታው ነን። ፖስታ ደግሞ በውስጡ የተጻፈውን አያነብም።

ከእነዚህ ስሞች መሃል አንድ ወገን አለ፤ የምትክ ስሞች እላቸዋለሁ። ምትኩ፣ ተተካ፣ ካሳ፣ ካሳነሽ፣ መካሻ፣ ማስረሻ። እነዚህ ስሞች የሚሰሙበት ቤት፣ ብዙ ጊዜ ከልጁ በፊት ለቅሶ ገብቶ የወጣበት ቤት ነው። የእኔም ስም ከዚያው ወገን ነው፤ ምትኬ።

ከእኔ በፊት የተወለደው ወንድሜ በአራት ዓመቱ በኩፍኝ ሞተ። ቤታችን ግድግዳ ላይ ፎቶው የለም፤ ፎቶ አልተነሳም ነበር። ፎቶው እኔ ነበርኩ። ዘመድ ሲመጣ ግንባሬን ስሞ፣ ትንሽ ዝም ብሎ፣ «እሱም እንዲህ ነበር» ይላል። ቶሎ አፌን መፍታቴ የእሱ ነበር። ወተት አለመውደዴም የእሱ ነበር። ግራኝ መሆኔ ሳይቀር የእሱ ነበር። እናቴ ደግሞ ፍቅር ሲላት «አንተ» ትለኛለች። ሴት ልጅን በቁልምጫ «አንተ» ማለት በብዙ ቤት ያለ ነው፤ እኔ ግን እያንዳንዷ «አንተ» ለማን እንደተላከች ሁልጊዜ እጠረጥር ነበር።

አምስት ዓመት ሲሞላኝ በዕድሜ በለጥኩት። ከዚያ በኋላ «እሱም እንዲህ ነበር» ማለት አልተቻለም፤ እሱ እዚያ አልደረሰማ። በምትኩ ሌላ ተጀመረ፦ «እሱ ቢኖር ይሄኔ…»። እሱ ቢኖር ይሄኔ ስምንተኛ ክፍል ነበር። እሱ ቢኖር ኢንጂነር ይሆን ነበር። ያልኖረ ሰው ደግሞ ማትሪክ አይወድቅም፣ አያመሽም፣ እናቱን አያሳዝንም። ከእንደዚህ ያለ ተማሪ ጋር መወዳደር ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት!

ይህን ሁሉ ይዤ በ1987 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ገባሁ።

የዶርም ድልድሉ በሰሌዳ ላይ የተለጠፈበትን ቀን ታስታውሳላችሁ? ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ፣ ጣት በዝርዝሩ ላይ እየወረደ። ድልድሉ በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ ነበር። ስለዚህ እኛ ክፍል ስምንታችንም በኤም የምንጀምር ሆንን። ሳስበው ይገርመኛል። ወላጆቻችን በየአገራቸው፣ በየራሳቸው ምክንያት ያወጡት ስም፣ እነሱ በማያውቁት ፊደል ተደርድሮ፣ አራት ዓመት ከማን ጋር እንደምንተኛ፣ ከማን ጋር እንደምናጠና፣ ፈተና ላይ ማን አጠገባችን እንደሚቀመጥ ወሰነ። ከዚሁ ተራ ቢያንስ አንድ ጋብቻ ወጥቷል፤ ባልና ሚስቱ እዚህ አዳራሽ አሉ፣ እጃቸውን ያውጡ አልልም። አንድ ፊደል ወረድ ብሎ ቢቆረጥ ኖሮ ሌሎች ጓደኞች ይኖሩን ነበር፤ ሌሎች ጓደኞች ቢኖሩን ደግሞ እኛም ትንሽ ሌሎች ሰዎች እንሆን ነበር።

ለእኔ ግን የዚያ ክፍል ትልቁ ነገር ሌላ ነው። ከሰባቱ አንዷም የወንድሜን ታሪክ አታውቅም። ስሜን ሲጠሩት ድምፅ ብቻ ነበር፤ «ቡና አፍሉ» እንደማለት ያለ ተራ ድምፅ። ስስቅ «እሱም እንዲህ ነበር» የሚል ሰው የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቄ የራሴ ሆነ። ዩኒቨርሲቲ ብዙ ነገር ሰጥቶናል፤ ለእኔ ከሰጠኝ ሁሉ የሚበልጠው ግን የማያውቁኝን ሰዎች ነው።

የማያውቁን ሰዎች ግን ዝም ብለው አይቀመጡም። ሁለት ወር ሳይሞላ አዲስ ስም አወጡልኝ፤ «እማማ»። ምክንያቱ ትንሽ ነው፤ ከቤት የመጣ በሶና ራስ ምታት ማስታገሻ ሻንጣዬ ውስጥ አይጠፋም ነበር። ከዚያ ወዲያ ሌሊት አንዷን ሲያማት «ማን ይነሣ?» የሚል የለም፤ ሰባት ጭንቅላት ወደ አልጋዬ ይዞራል። መጀመሪያ ዓመት እያጉረመረምኩ እነሣ ነበር። ሁለተኛ ዓመት ዝም ብዬ እነሣ ነበር። ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳልጠራ መንቃት ጀመርኩ። ዛሬ ትምህርት ቤቴ ውስጥ ተማሪ ሲታመም ወደ እኔ ነው የሚላከው። ታዲያ ይሄ ጠባይ የእኔ ነው ወይስ የእነሱ? መጀመሪያ የእነሱ ነበር ብዬ አምናለሁ። አሁን የእኔ ነው። መቼ እንደተሻገረ ቀኑን አላውቅም።

የወጣ ስም ሁሉ ግን እንዲህ አይመችም። ዛሬ ኮሚቴው ባጁ ላይ ሁለት መስመር አዘጋጅቷል፤ አንዱ «ሙሉ ስም» ሁለተኛው «የግቢ ስም»። አንድ የክፍላችን ልጅ ጓደኛው በደግነት የጻፈለትን የግቢ ስም ሰርዞ ነው የገባው። ግቢ ውስጥ «ዝምታ» ይባል ነበር። ከአንድ ሰዓት በፊት በር ላይ አውርተን፣ ይህን ለመናገር ፈቃዱን ጠይቄዋለሁ።

ይህ ሰው አፉን የፈታው በወላይትኛ ነው። አማርኛን የተማረው ትምህርት ቤት ነው። «ሰው ዝምተኛ ያደርገኝ ነበር» አለኝ፤ «እኔ ግን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከማውጣቴ በፊት ሆዴ ውስጥ አርመው ነበር። 'መጣ' ነው 'መጣች'? አርሜ ስጨርስ ጨዋታው አልፏል። በሳቃችሁ መሃል አዲስ ወሬ ተጀምሯል።» እሺ፣ አገር ቤትስ? ስለው ሳቀ። «እኛ ሰፈር ለቅሶ ቤት ሰው ሲከፋው 'ጥሩት እስቲ፣ ይምጣና ያጫውተን' የሚባለው እኔን ነው!»

እስቲ አስቡት። አንድ ሰው፣ በአንድ ዘመን፣ አዲስ አበባ ላይ ዝምታ፣ ሶዶ ላይ ወገኛ። የትኛው ነው እውነተኛው እሱ? ሁለቱም እውነት ናቸው። ልዩነቱ እሱ ውስጥ አልነበረም፤ የከበቡት ሰዎች ውስጥ ነበር። ከባድ የሆነበት ስሙ መጥፎ መሆኑ አይደለም፤ ዝምታ እንዲያውም ጨዋ ስም ነው። ከባድ የሆነበት፣ አማርኛው ከተቃና በኋላ አፉን ሲከፍት ሰው «ውይ፣ ዝምታ ተናገረ!» እያለ ማጨብጨቡ ነው። በተናገረ ቁጥር ዝምተኛነቱ ይታወጃል። ስም እንዲህ ሊያጥር ይችላል።

በመምህርነት ስልጠና ላይ የምናነበው አንድ ጥናት አለ። ሮበርት ሮዘንታል እና ሌኖር ጃኮብሰን የተባሉ አሜሪካውያን በካሊፎርኒያ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠርተውት በ1968 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ያወጡት ነው። ለመምህራኑ የጥቂት ልጆችን ስም ሰጥተው «ፈተናችን እነዚህ ዘንድሮ ያብባሉ ይላል» አሏቸው። ስሞቹ ግን በዕጣ የወጡ ነበሩ። በዓመቱ መጨረሻ፣ በተለይ በታችኞቹ ክፍሎች፣ ስማቸው የተነሣው ልጆች የበለጠ አሻሽለው ተገኙ። የለውጡ መጠን እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ክርክሩን ለባለሙያዎቹ ልተወው። ሃምሳ ስልሳ ልጅ ፊት ለቆመ መምህር ግን ነገሩ አዲስ አይደለም። «ይሄ ልጅ እኮ ጎበዝ ነው» ብለህ የጠራኸው ልጅ በሚቀጥለው ቀን እጁን ከፍ አድርጎ ያወጣል። «አንተ ሰነፍ» የተባለው ደግሞ ኋላ ወንበር ይፈልጋል። በሰኔ ስንፍናው በካርዱ ላይ ይጻፋል፤ ማን እንደጀመረው ግን ካርዱ ላይ ቦታ የለውም።

እስካሁን ሌሎች የሚሰጡንን ስም ነው ያነሣሁት። ስሙን ራሱ የመረጠስ? እሱስ ከሌሎች እጅ ወጥቷል?

ታሪካችን በዚህ ሀብታም ነው። ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሡ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ። ካሳ ምርጫ በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ሲነግሡ ዮሐንስ አራተኛ ሆኑ። ሁለቱም ካሳዎች ናቸው፤ የእኔ ስም ዘመዶች! ቤተሰብ ያወጣላቸውን ስም ትተው የፈለጉትን ያዙ ልትሉ ትችላላችሁ። ግን ቴዎድሮስ የሚለውን ስም ልብ በሉ። ሕዝቡ ፍትሕና ሰላም የሚያመጣ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይነሣል የሚል ትንቢት ሲጠብቅ ኖሯል። ካሳ የመረጡት ባዶ ስም አይደለም፤ ሌሎች ሲመኙት የኖሩትን፣ ተሰፍቶ የተቀመጠ ልብስ ነው ያጠለቁት። ከዚያም የልብሱን ልክ ለመሙላት ዕድሜያቸውን ሰጡ።

የፈረስ ስምም እንዲሁ ነው። የቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ የምኒልክ አባ ዳኘው፣ የራስ አሉላ አባ ነጋ፣ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ጀግናው ፈረሱን እንዳሻው ሊሰይም ይችላል። ግን ፉከራው ላይ፣ ዘፈኑ ላይ፣ ጦሩ መሃል ሌላው ካልጠራው ስሙ ጋጣ ውስጥ ይቀራል።

ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ግን የራስ ተፈሪ መኮንን ነገር ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ሲነግሡ በክርስትና ስማቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተባሉ፤ «ተፈሪ» የሚለውን ስም አስቀመጡት። ባስቀመጡበት ግን አልቀረም። በጃማይካ ድሆች መንደሮች የነበሩ ሰዎች አንሥተው የእምነታቸውና የራሳቸው መጠሪያ አደረጉት፤ ራስ ተፈሪያን። ከእነሱ ሻሸመኔ ድረስ መጥተው የሰፈሩ አሉ። ባለቤቱ ያወለቀውን ስም ሌላው ለብሶት፣ ባርነት ስሙን የነጠቀው ሕዝብ ልጆች ቀና ብለው ሄዱበት። ስም አንዴ ከአፍ ከወጣ ባለቤቱ ብቻውን አያዝበትም።

ከቤተ መንግሥት ወደ ጎጆ ልምጣ። አያቴ የጎጃም ሴት ነበረች፤ ሦስት ስም ነበራት። አንዱን እናቷ አወጣችላት። አንዱን ቄሱ በክርስትና ሰጧት። ሦስተኛውን፣ በአገሩ ልማድ፣ ሙሽራ ሆና ስትገባ አማቷ አወጣችላት። አርባ እና ሃምሳ ዓመት የኖረችው በዚህ በሦስተኛው ነው፤ እኛ የልጅ ልጆቿ የምናውቀውም እሱን ብቻ ነበር።

ያረፈች ቀን ለቅሶው ላይ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። የባሏ ዘመዶች በሙሽራ ስሟ አለቀሱላት። ወንድሞቿ ከሩቅ አገር ደርሰው፣ ከደጅ ጀምሮ እየጮሁ፣ እኔ ሰምቼው በማላውቀው ስም ተጣሯት፤ እናቷ ባወጣችው። ካህኑ ደግሞ ፍትሐቱን ያደረሱት በክርስትና ስሟ ነው። አንድ አስከሬን፣ ሦስት ስም። ወንድሞቿ የጠሩት በግ ስትጠብቅ የነበረችውን ልጅ ነው፤ እኔ ያቺን ልጅ አላውቃትም። ቄሱ የጠሩት ነፍሷን ነው። እኛ የጠራነው አያታችንን። አንዳችንም ሙሉዋን አናውቃትም ነበር፤ እዚያ ድንኳን ውስጥ ተሰብስበን ግን ለአንድ ቀን ሙሉ ሴት ሆነች። ያን ቀን የተረዳሁት፣ ሰው በተለያዩ ሰዎች እጅ ተከፋፍሎ እንደተቀመጠ አደራ መሆኑን ነው።

ውጭ አገር የምትኖሩት ጓደኞቻችን ደግሞ ሌላ ዓይነት ስም አውጪ ታውቃላችሁ፤ ቅጽ። የእኛ የስም ሥርዓት የራስ ስም ቀጥሎ የአባት ስም ነው፤ ሚስት በባሏ ስም አትጠራም። ቅጹ ግን «የቤተሰብ ስም» ይላል። አባት፣ እናትና ልጅ ሦስት የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ይዘው ይቆሙና፣ ዘመድ መሆናቸውን ለማስረዳት ወረቀት ይፈለጋል። እኔ ራሴ ለስድስት ወር ስልጠና ወጥቼ፣ አንድ መሥሪያ ቤት በአባቴ ስም ብቻ መዝግቦኝ፣ ስድስት ወር ሙሉ የአባቴን ስም ስጠራ «አቤት» ስል ከረምኩ። አባቴ ከአገሩ ወጥቶ አያውቅም። በእኔ በኩል ብዙ አገር ሰው ጠራው።

ይህ ያስቃል። የማያስቅም አለ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ፣ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓዙ፤ ከዚያ ቀደም በሙሴ ዘመቻ በሱዳን በኩል የሄዱ ነበሩ። ለብዙዎቹ፣ በተለይ ለልጆቹ፣ እንደ ደረሱ ወይም ትምህርት ቤት ሲገቡ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። ሰጪዎቹ ምናልባት በጎ አስበው ነው፤ ልጁ ቶሎ እንዲዋሃድ። ልጁ ግን ጠዋት በአንድ ስም ከቤት ወጥቶ፣ ክፍል ውስጥ በሌላ ተጠርቶ፣ ማታ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ካደጉ በኋላ እናታቸው ያወጣችላቸውን ስም መልሰው የያዙ አሉ። ሁለቱን አጣምረው የያዙም አሉ። በተሰጣቸው ተደላድለው የሚኖሩም አሉ። እኔ ከሦስቱ የትኛው ትክክል ነው አልልም። የምለው፣ ምርጫው የእነሱ መሆኑ ነው ልዩነቱ።

ትምህርት ቤታችንስ? በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነበር። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከአብዮቱ በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። እዚህ የተቀመጡት ታላላቆቻችን ዲፕሎማና የእኛ ዲፕሎማ ስማቸው አይገጥምም። የሰየሙት ሁሉ ከላይ ነው የሰየሙት። ከታች፣ ተማሪው «ግቢ» ይለዋል። የተማርኩት «ግቢ» ነው ስል ሁላችሁም ስድስት ኪሎን፣ አንበሳውን፣ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍትን ታያላችሁ። ሰያሚዎች ያልፋሉ፤ ጠሪዎች ይቀራሉ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ። የእኔ ድርሻ የቱ ጋ ነው?

እናቴ ከማረፏ ሁለት ዓመት በፊት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ጎን ለጎን ቁጭ ብለን ሽንኩርት ስንልጥ ጠየቅኳት። «እማዬ፣ ስሜን ስታወጪ እሱን እንድተካልሽ ነው አይደል?» አልኳት። ቢላውን አስቀመጠች። «ልጅ በልጅ አይተካም» አለችኝ። «ስምሽን እስቲ አዳምጪው። 'ምትኩ' አላልኩሽም። 'ምትኬ' ነው ያልኩሽ። እሱ ሲሄድ አብሬው ሄጄ ነበር፤ ሰው መሆን አቅቶኝ ነበር። አንቺ ስትመጪ የተካሽው እኔን ነው።» ከዚያ ቢላውን አነሣች። ሽንኩርቱን ምክንያት አድርገን ሁለታችንም አለቀስን።

ያቺ «ኬ» አርባ ዓመት ሙሉ ስሜ መጨረሻ ላይ ነበረች። ሮስተር ላይ፣ ዲፕሎማዬ ላይ፣ የደመወዝ ፔሮል ላይ ጽፌያታለሁ። ዘመዶቼ ስሙን ሲጠሩት ወንድሜን ይሰሙ ነበር፤ እናቴ ግን ያለችው ሌላ ነበር። ስሙን መለወጥ አላስፈለገኝም። ያወጣችውን ሰው መጠየቅ ነበር የሚያስፈልገው።

ስለዚህ ድርሻችን ያለው እዚህ ይመስለኛል። ስሙን እኛ አናወጣም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራንንም እኛ አንመርጥም። ግን «አቤት» የምንለው እኛ ነን። የትኛውን ስም ስንባል ቀና እንደምንል፣ የትኛውን ስንባል እንደ «ዝምታ» ጓደኛችን እስክርቢቶ እንደምናወጣ፣ ከተሰጠን ውስጥ የትኛውን ኖረንበት የራሳችን እንደምናደርግ፣ ይሄ የእኛ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ትንሽ ግን አይደለም።

ሌላም ድርሻ አለን፤ ብዙ የማናስበው። እኛም የሌላው ስም አውጪዎች ነን። አማርኛችን በተናገርን ቁጥር ያስመርጠናል፤ አንተ፣ አንቺ ወይስ እርስዎ? ማንም ራሱን «አንቱ» ሊል አይችልም፤ አንቱታ ከሌላ አፍ የሚመጣ ነገር ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ቢሮው «ክቡርነትዎ» የሚባል ሰው አለ፤ ከዶርሙ ልጆች ጋር ሲሆን ደግሞ «አንተ፣ ያንን ወንበር አቀብለኝ» ይባላል። አይቼዋለሁ፤ ወንበሩን ሲያቀብል ከሰዎቹ ሁሉ ደስተኛው እሱ ነው። ሁለቱንም ይፈልጋል። ልጆቻችንን፣ ተማሪዎቻችንን፣ የበታች ሠራተኞቻችንን በምን እንደምንጠራቸው እንጠንቀቅ፤ የጠራነውን ነገር ይዘው ያድጋሉና።

ሁለት ነገር ልጠይቅና ልጨርስ። አንደኛ፣ ማኅበራችን አዲስ የአባላት ማውጫ እያዘጋጀ ነው። ከሙሉ ስምና ከስልክ ቁጥር ሌላ አንድ መስመር ይጨመርበት፤ «መጠራት የምፈልገው» የሚል። ባለቤቱ ራሱ ይሙላው። ወጪው የአንድ መስመር ቀለም ነው።

ሁለተኛ፣ ከእኔ በኋላ ኮሚቴው በእነዚህ ሃያ አምስት ዓመታት ያጣናቸውን የክፍላችንን ልጆች ስም ይጠራል። ስም ከጠሩ በኋላ ያለውን ዝምታ መምህር ያውቀዋል። በክፍል ውስጥ ከሆነ «ቀሪ» ብለን እንጽፋለን። እነዚህ ግን ቀሪ አይባሉም፤ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። ስማቸው ሲጠራ «አቤት» የማለቱ ነገር ከእንግዲህ በእኛ ላይ ወድቋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ስም፣ በቅርብ የሚያውቀው ሰው ካለ ተነሥቶ አንድ ነገር ብቻ ይናገርለት፤ ያደረገውን፣ ያለውን፣ የሚያስቀውን። ውዳሴ አይሁን፤ እውነት ይሁን። ወንድሞቹ የሚያውቁት አለ፣ እኛ የምናውቀው አለ። እኛ ያለንን ካልተናገርን ያ ክፍሉ ከእኛ ጋር ይቀበራል።

 ዕድሜና ጤና ሰጥቶን ለሃምሳኛውም ያገናኘን!